ቤት ሲረክስ ልግዛ ወይስ ልከራይ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በ2006 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውድብሪጅ ውስጥ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ገዛሁ። በ2009 መጨረሻ ባንኩ ፈቅዶልኝ ካለብኝ ዕዳ ባነሰ ዋጋ ሸጥኩት። ሾርት ሴል የሚሉት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ለሚገዙና ከባንክ ጋር ለተቸገሩ ወገኖቼ ወረቀት ሳነብና ሒሳብ ሳሰላ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን የቤት ዋጋ በብዙ ቦታ ቀዝቅዟል፣ አንዳንድ ከተማም ወርዷል። ጥያቄውም በዛብኝ። ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተን እንኖራለን። 40 ሺህ ዶላር አጠራቅመናል። እሱ የፌዴራል መንግሥት ኮንትራክተር ጋ ነው የሚሠራው፤ ከ2025ቱ የሠራተኛ ቅነሳ ወዲህ ሥጋት አለበት። ዋጋ ገና ይወርዳል ይላሉ። እንጠብቅ ወይስ እንግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋው የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ የሚነግርሽ ሰው የለም። ባለፈው ጊዜ የአሜሪካ ቤት ዋጋ ጫፍ የደረሰው በ2006 ነው። መሬት የነካው ደግሞ በ2012 መጀመሪያ። በአገር ደረጃ 27 በመቶ ያህል ወረደ። በ2009 «አሁንስ በቃው» ብለው የገዙ ሰዎች ከዚያም በኋላ ሲወርድ አይተዋል። ግን ከማውቃቸው መሐል ወርኃዊ ክፍያውን ችሎ እቤቱ የተቀመጠ ሰው አልተጎዳም። የተጎዳነው ለመሸጥ የተገደድን ነን። ዋጋ መውረዱ ብቻውን ማንንም ከቤቱ አላስወጣም። ዋጋው ወርዶ፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ገቢ ሲቋረጥ ነው ሰው የወደቀው።

ስለዚህ «ይወርዳል ወይ» የሚለውን ትታችሁ ሌላ ነገር ጠይቁ። የባልሽ ደመወዝ ነገ ቢቆም ባንቺ ገቢ ብቻ ስንት ወር ትከፍላላችሁ? ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ ፊርማና ክፍያ) ካለቀ በኋላ እጃችሁ ላይ ስንት ይቀራል? እዚያ ቤት ስንት ዓመት ትኖራላችሁ?

በቁጥር ላሳይሽ። 400 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት በ5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ገዛችሁ እንበል። 20 ሺህ ሰጣችሁ፣ 380 ሺህ ተበደራችሁ። ዋጋው 10 በመቶ ቢወርድ ቤቱ 360 ሺህ ነው። ዕዳው ግን ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ባልሽ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ስቴት ሥራ ቢያገኝና ብትሸጡ ልዩነቱንም የደላላውንም ክፍያ ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ። 20 ሺውም ሄደ ማለት ነው። እዚያው ቤት ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚኖር ሰው ግን መውረዱን በወሬ ብቻ ይሰማዋል።

በእኔ አስተያየት የባልሽ ሥራ እስኪለይለት አንድ ዓመት ተከራዩ። 40 ሺውን አትንኩት። እየወረደ ያለ ገበያ ትቷችሁ አይሮጥም።

ጥያቄ፦ እናቴ በደወለች ቁጥር «እስከ መቼ የሰው ቤት ትኖራለህ» ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው፣ የአከራይህን ሞርጌጅ (የቤት ብድር) እየከፈልክለት ነው ይሉኛል። እውነት አይደለም?

መልስ፦ የእናትህን ነገር እረዳለሁ። እኛ ዘንድ ቤት ያልያዘ ሰው ገና እግሩን እንዳልተከለ ነው የሚቆጠረው። ይህንን በሒሳብ አልከራከርም። የጓደኞችህን ግን እከራከራለሁ።

300 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብትበደር ወርኃዊ ክፍያህ 1,996 ዶላር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 1,750ው ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የሚቀነስልህ 246 ዶላር ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሳታዛንፍ ብትከፍል ወደ 120 ሺህ ዶላር አውጥተሃል። ከዕዳህ የተነሳልህ 17,600 ገደማ ነው። ሌላው 102 ሺህ ለባንኩ ወለድ ሄዷል። ይኸውም የቤት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የኤችኦኤ (የሰፈሩ ባለቤቶች ማኅበር) መዋጮውን፣ ጣሪያና ቦይለሩን ሳንቆጥር ነው። እና የትኛው ነው የተጣለው ገንዘብ? ተከራይ ለአከራዩ ይከፍላል፤ ባለቤት ደግሞ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ለገንዘብ ኪራይ ይከፍላል።

ያው ብድር በጥር 2021 በነበረው የ2.65 በመቶ አማካይ ወለድ ቢሆን ኖሮ ክፍያው 1,209 ዶላር ነበር። ጓደኞችህ ያኔ ገዝተው ከሆነ እውነታቸውን ነው። ግን ያወሩህ ስለራሳቸው ሒሳብ ነው። ወለዱ ጥቅምት 2023 ላይ 7.79 ደርሶ ነበር። አንተ የምታሰላው ዛሬ ባንክ በሚሰጥህ ቁጥር ነው።

አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። የምትፈልገውን ዓይነት ቤት የዓመት ኪራይ አውጣ። የሽያጭ ዋጋውን ለእሱ አካፍል። 15 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከመጣ መግዛቱን በደንብ አስብበት። ከ20 ካለፈ ኪራዩ ርካሽ ነው። ጣሪያውንም ቦይለሩንም ሌላ ሰው እየጠገነልህ እየኖርክ ነው። ኪራይ የሚያዋጣው ግን በኪራዩና ቤት ብትገዛ በምትከፍለው መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ ካስቀመጥክ ነው። ልዩነቱን መኪና ላይ ካዋልከው እናትህ ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። 61 ዓመቴ ነው፣ ታክሲ ነጂ ነበርኩ፣ አሁን ኡበር እሠራለሁ። ቤቴን ውድ በነበረ ጊዜ ነው የገዛሁት። አሁን ሰው ሁሉ «ቬጋስ እንደ ድሮው ሊወድቅ ነው፣ ቶሎ ሽጥና ተከራይ» ይለኛል። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያለፈውን በዓይንዎ ስላዩ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ቬጋስ ላይ ዋጋው ከጫፉ 60 በመቶ ገደማ ነው የወረደው። ወደ 2006ቱ ዋጋ እስኪመለስ 15 ዓመት ፈጅቷል። ከዋና ከተሞች እንደዚያ የተጎዳ ጥቂት ነው።

ግን ያኔ ቤቱን የጣለው ብድሩ ነበር። እኔም የዚያ ብድር ሰለባ ነኝ። የፈረምኩት ወለዱን ብቻ የሚያስከፍል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚለዋወጥ ብድር ነው። ገቢዬን አረጋግጦ የጠየቀኝ አልነበረም። 2,100 ዶላር እከፍል የነበረው በ2008 ከ2,800 አለፈ። ቤዝመንት (ምድር ቤቱን) ያከራየኋቸው ሁለት ልጆች ሥራ ቀዝቅዞባቸው በዚያው ወር ወጡ። የባንኩን ደብዳቤዎች ሳልከፍት ማይክሮዌቩ ላይ እደረድራቸው ነበር። አንድ ቀን ልጄ ለትምህርት ቤት ወረቀት ሲፈልግ ሁሉም ወለሉ ላይ ተበተኑ። ቆጠርኳቸው፣ 19 ነበሩ። በመንገዳችን ላይ በአምስት ቤቶች በር እጀታ ላይ የባንክ ቁልፍ ማስቀመጫ ሳጥን ተንጠልጥሎ ነበር። ሣሩ ጉልበት ደርሷል።

የእርስዎ ብድር የማይለዋወጥ ወለድ ያለው ነው ብለውኛል። ክፍያዎ ዛሬም ነገም ያው ነው። ተመሳሳይ ቤት ለመከራየት ከዚያ የበለጠ እንደሚጠይቁዎትም ጽፈዋል። እንግዲያው ሸጠው ወዴት ይሄዳሉ? የወረቀት ኪሳራውን እውነተኛ ኪሳራ የሚያደርጉት ሲሸጡ ነው። ይቀመጡ። ይልቅ የስድስት ወር ክፍያ ለየት ባለ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ መኪናው ቢበላሽ ወይም ቢታመሙ ያግዝዎታል።

መክፈል የሚያስቸግርዎ ቀን ከመጣ ደግሞ እንደ እኔ ደብዳቤ አይደርድሩ። አንድ ወር ሳያልፍ ለባንኩ ይደውሉ። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት የፈቀደላቸው የቤት አማካሪዎች ከባንክ ዕዳ ጋር የተቸገረን ሰው በነፃ ይረዳሉ። «ከባንክ አስታርቅሃለሁ፣ መጀመሪያ 3 ሺህ ዶላር ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ይዝጉበት። ጠበቃ ካልሆነ በስተቀር ውጤት ሳያመጣ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ። ኪራዬን በሰዓቱ እከፍላለሁ። አከራዬ ግን ሞርጌጁን አልከፈለም መሰለኝ፣ በር ላይ የፎርክሎዠር (ባንኩ ቤቱን ለዕዳው ወስዶ የሚሸጥበት) ማስታወቂያ ተለጠፈ። ልጆች ይዤ ሜዳ ላይ ልወድቅ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ነገ አትወጪም። ቤቱ በፎርክሎዠር ቢሸጥም ተከራይን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ። በ2009 ወጣ፣ በ2014 መጨረሻ ጊዜው አለፈበት፣ በ2018 ደግሞ ቋሚ ሆነ። አዲሱ ባለቤት ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰጥሽ ይገባል። የኪራይ ውልሽ ገና ካላለቀ እስከሚያልቅበት ቀን የመኖር መብት አለሽ። ገዢው ራሱ ሊኖርበት ከሆነ ግን ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ያኔም 90 ቀኑ አለሽ። ሕጉ የሚሠራው ለእውነተኛ ተከራይ ነው። የባለቤቱ ልጅ፣ ሚስት ወይም ወላጅ ከሆንሽ፣ ወይም ኪራዩ ከገበያው እጅግ ያነሰ ከሆነ አይሸፍንሽም።

ኪራይ መክፈልሽን አታቁሚ። በጥሬ ገንዘብ ግን አትክፈዪ፤ ቼክ ወይም ደረሰኝ ያለው ነገር ይሁን። ውሉን ፎቶ አንሺና ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ ላኪላት።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር የ30 ሺህ ዶላር ዕቁብ ይወጣልኛል። ለዳውን ፔይመንት ይሆነኛል?

መልስ፦ ዕቁቡ ማለቂያው ላይ ነው ወይስ መጀመሪያው ላይ? ዋናው ነገር እዚህ ነው። ሁሉንም ከፍለህ ጨርሰህ የምትወስደው ከሆነ የራስህ ቁጠባ ነው። ገና አሥራ አምስት ወር የምትጥል ከሆነ ግን ዕዳ ነው። የዕቁቡ ወርኃዊ ክፍያ ከሞርጌጁ ጋር ተደርቦ ይመጣብሃል። ቤት ገዝተው ዕቁብ መጣል አቅቷቸው ከሰው የተቀያየሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላው፣ አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል። በድንገት 30 ሺህ ቢገባ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅሃል። በቃል ማስረዳት አይበቃም። ገንዘቡን ባንክ አስገብተህ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጥ፤ የጣልክበትንም በወረቀት ያዝ። ከእኅት ወንድም የሚሰጥህ ስጦታ ካለ ደግሞ «አይመለስም» የሚል ደብዳቤ ይፈርሙልሃል። የሚመለስ ከሆነ ግን እንዲፈርሙ አታድርግ፤ ይህ ማጭበርበር ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ኦስቲን። የ13 ሳምንት ኮንትራት እየያዝኩ እዞራለሁ። ቤት እዚህ ረክሷል፣ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ። ኦስቲን ከ2022 ጀምሮ ዋጋው ወርዷል፤ ግን ብዙ አፓርታማ ስለተሠራ ኪራዩም ወርዷል። ዓመት ለማትቆዪበት ከተማ ሠላሳ ዓመት አትፈርሚ። ኪራዩን ተደራደሪ፤ የመጀመሪያ ወር ነፃ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ እዚህ ከመግዛት ለምን አዲስ አበባ አፓርታማ አልገዛም? በዶላር አገር ቤት ርካሽ ሆኗል።

መልስ፦ ልብህ እዚያ ከሆነ አልከለክልህም፤ እኔም አስቤዋለሁ። ግን ልትኖርበት ነው ወይስ ልታከራየው? እዚያ ልትኖርበት ከሆነ አንድ ነገር ነው። የእዚህን ኪራይ እንዲከፍልልህ ከሆነ ሒሳቡ ይፈርሳል። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ገዝቶ በብር የሚያከራይ ሰው ኪራዩን ወደ ዶላር ሲለውጠው ግማሽ ያህል ሆነበት። በዚያው ዓመት የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም መንግሥት በሚወስነው ልክ እንዲሆን አድርጓል። ለተከራይ ጥሩ ነው። አንተ ግን አከራይ ነህና አስበህ ግባ።

ያልተሠራ ቤት በቅድሚያ ክፍያ ከገዛህ መሠረቱን በአካል የሚያይልህ ሰው ይኑር። የሥዕል ቤት ከፍለው ብዙ ዓመት የጠበቁ አሉ። ይህን ሁሉ አልፈህ ብትገዛም እዚህ ኪራይህ ይቀጥላል። ሁለቱን መክፈል ትችላለህ?

ጥያቄ፦ አንቺስ አሁን የምትኖሪው በራስሽ ቤት ነው ወይስ በኪራይ?

መልስ፦ በራሴ። ከሾርት ሴሉ በኋላ አምስት ዓመት ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ክሬዲቴን (የብድር ታሪኬን) በትንሽ ካርድ ከዜሮ ጀመርኩ። በ2014 የገዛሁት ኮንዶ ከድሮው ቤቴ በግማሽ ያንሳል። ክፍያው በእኔ ደመወዝ ብቻ የሚቻል ነው፣ ባለቤቴ የሚሠራውን አልቆጠርኩም። ቁልፉን የተቀበልኩ ቀን ጎረቤቴ የነበሩ እናት ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። «ቤት ለእንቦሳ» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። «እንቦሳ እሰሩ» ብዬ አስገባኋቸው። በ2006ም ብለውኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቤዝመንቱን ማን ይከራየው ይሆን እያልኩ አላዳመጥኳቸውም።