ችግኝ ለምትተክሉ ልጆቼ፣ በጥቅምትም ተመለሱ

ልጆቼ እንደምን ከረማችሁ። ክረምት በገባ ቁጥር አካፋና ችግኝ ይዛችሁ ስትወጡ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል፣ እድሜዬን በደን ስራ ስለጨረስኩ ነው መሰለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩምና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የከተማ ዛፍ በክረምት አይሞትም እኮ፣ የሚሞተው ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ያስተከልነውን ለማየት በጥር ወር ሄድኩ። ደርቆ የቆመ ችግኝ ይዤ ሳብ ሳደርገው ያለምንም ትግል ወጣ። ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ እንዳለ ነው፣ ስሩ መሄጃ አጥቶ እዛው ላስቲክ ውስጥ ዞሮ ዞሮ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ጉድጓዱን ቆፈር ሳደርግ ደግሞ ከስር ያለው አፈር ሳይሆን ከመንገድ ስራ የተረፈ ጠጠርና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው። እኛ ግን ሪፖርት ላይ የጻፍነው የተተከለውን ብዛት እንጂ የጸደቀውን አይደለም፣ የፈረምኩበትም እኔ ነኝ፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ ራሷ በዛፍ የተረፈች ከተማ መሆኗን ታውቁ ይሆናል። በአጼ ምኒልክ ጊዜ ዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ ሲያልቅ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ አለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ደርሶ ነው ከተማዋ ባለችበት የቀረችው። ስለዚህ ባህር ዛፍን ዝም ብላችሁ አትስደቡብኝ፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወርደው ልጅ ያሳደጉ እናቶች አሉ። ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ከስሩም ብዙ ነገር አያበቅልም፣ ዳገት ላይ ሲሆን አፈሩ ራቁቱን ይቀርና ጎርፍ ይወስደዋል። ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄዳችሁ እዩ፣ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፣ በባህር ዛፍ ፋንታ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን ለመመለስ የሚሰራበት ቦታ ነው። የእናቶቹ እንጀራ ግን አብሮ ካልታሰበ ጥሩ ፕላን አልለውም።

የዛፍን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ስድስት ሰአት ላይ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ እዩት፣ ዛፍ ካለ ሰልፉ ጥላውን ተከትሎ ይጣመማል፣ ሊስትሮውም ቆሎ ሻጯም እዛው ናቸው። ዝናቡም እንደዛው ነው፣ የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ነው የሚወርደው፣ ቆርቆሮና አስፋልት ደግሞ ጠብታ አይመጥም፣ ሁሉንም ወደ ቀበናና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይለቀዋል። ዛፍ ግን የተወሰነውን በቅጠሉ ይዞ ያዘገየዋል፣ ስሩም መሬቱን ስለሚከፍተው ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል።

አሁን አርክቴክትና የከተማ ፕላን ለምትማሩት። ዲዛይን ላይ አረንጓዴ ክብ መሳል ቀላል ነው፣ ከክቡ ስር ስንት ሜትር አፈር እንዳለ፣ የውሃና የቴሌ መስመር የት እንደሚያልፍ፣ ከላይ የመብራት ሽቦ ይኑር አይኑር ሳታውቁ አትሳሉት፣ ሽቦ ስር የተተከለ ረጅም ዛፍ እድሜ ልኩን ሲቆረጥ ነው የሚኖረው። ሴሲል ኮናይነንዳይክ የሚባል የከተማ ደን ባለሙያ በ2021 እ.ኤ.አ. ያመጣት 3-30-300 የምትባል መለኪያ አለች፣ ከቤትህ ሆነህ 3 ዛፍ ማየት፣ የሰፈሩ 30 በመቶ በዛፍ ጥላ መሸፈን፣ እስከ ፓርክ ድረስ ከ300 ሜትር አለመራቅ። ኮንዶሚኒየማችሁን ወይ ሰፈራችሁን በሷ ለኩት፣ እኔ ለክቼ አዝኛለሁ።

አንድ አይነት ዛፍ ብቻ ደርድራችሁም አትትከሉ። የአሜሪካ ከተሞች ኤልም የሚባለው ዛፋቸው በበሽታ ሲያልቅባቸው በብዙ ቦታ አሽ የሚባለውን ተኩ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲትሮይት አካባቢ አሽን የሚጨርስ ጥንዚዛ ተገኘና በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ረገፈ። ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት እያለን ለምን አንድ አይነት ላይ እንጣበቃለን?

ስትተክሉ ላስቲኩን ቅደዱና አውጡት፣ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉት፣ ፍርስራሽ ካለ አውጥታችሁ ጥሩ አፈር ሙሉበት። ከዛ በበጋ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ከመትከላችሁ በፊት ስሙን ጻፉ። እኔ በራችን ላይ ላለችው ወይራ ሃይላንድ ከታች በመርፌ በስቼ ስሯ አጠገብ እቀብርላታለሁ፣ ጠዋት እሞላዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። ዘንድሮ አራተኛ በጋዋ ነው፣ አጥሩን አልፋለች።