የወል ግጦሽና የሣር ማጨጃ መሬት፦ ባለቤቱ ማን ነው? ባለአደራውስ?

በገጠር መሬት አስተዳደር ለረጅም ጊዜ የሠሩ አባላችን ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቀበሌያችን ግጦሽ የመንግሥት ነው ወይስ የእኛ?

መልስ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ እናንተ ያላችሁ በጋራ የመጠቀም መብት፣ ማለትም የወል ይዞታ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የወል መሬት እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊዞር እንደሚችል ደንግጎ ስለነበር፣ ብዙ ግጦሽ በዚያ በር ወጥቷል። ስለዚህ መሬታችሁን አስለኩ፣ በማኅበረሰቡ ስም አስመዝግቡ፣ የይዞታ ደብተሩንም ያዙ።

ጥያቄ፦ የግጦሹ ኮሚቴ እኛን ሳያማክር ግማሹን ለባለሀብት ሰጥቷል። ይችላል?

መልስ፦ ኮሚቴ ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። ተጠቃሚው ተሰብስቦ የወሰነበት ቃለ ጉባኤ ካለ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ፋይል የለውም።

ጥያቄ፦ የመሬት ግብሩን ማን ይክፈል?

መልስ፦ የግብር ባለሙያ አይደለሁም፤ ወረዳውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን ያለ ደብተር እንዴት ጠበቁት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ የሚገኘውን ጓሳ የተባለውን የወል መሬት ተመልከቱ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መሬቱን ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት አስጠብቀዋል። ተጠቃሚዎቹ አለቃ ይመርጣሉ፣ መሬቱም ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ጓሳ የተባለው ሣር ይታጨዳል፣ ከብትም ይሰማራል፣ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፍርሶ ጥበቃውን ለገበሬ ማኅበራት አስተላለፈ፤ ለአቅኚ አባቶቹ ተወላጆች ብቻ የነበረው ተጠቃሚነት ሲቀር ቀድሞ ያልነበራቸው ሰዎች መብት አገኙ፣ ጥበቃው ግን ላላ። በኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፤ ክልሉም ደንብ አውጥቶ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አደረገው። ጓሳን ያቆየው የሚዘጋና የሚከፍት የታወቀ አካል፣ ደንብ ለጣሰም ቅጣት መኖሩ ነው።

አንድ አባል፦ ታዲያ መሬት አልባ ወጣት ምን ይሁን? ግጦሹ ይከፋፈልለት እንጂ!

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ በሬዬን የት ላሰማራ? ያለ በሬ የሚያርስ ወጣት አለ?

አንድ አባል፦ ሣሩን አጭደህ በቤትህ መግብ።

መልስ፦ ወጣቱን ማግለል ፍትሕ አይደለም፤ አንዴ የታረሰ ግጦሽ ግን በቀላሉ ተመልሶ ግጦሽ አይሆንም። ሣሩን ለወጣት ማኅበር በአጨዳ መስጠት ይቻላል። አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ የግጦሹ ባለቤት ማን ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ስለ መሬት ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ስለ የትኛው መሬት? ቦታውንና ችግሩን ሳትገልጹ ምክር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ አዋሳኝ አራሾች በየዓመቱ ድንበር እየገፉ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የሚገፉት አንድ ሁለት ትልም እየጨመሩ ስለሆነ በዓመቱ አይታወቅም፤ በዐሥር ዓመት ግን ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። ከእርሻ በፊት ሽማግሌዎችና አዋሳኞች ባሉበት የወሰን ድንጋይ ትከሉ፣ ሁሉም ይፈርሙ፣ አንዱን ቅጂ ለቀበሌው መሬት ኮሚቴ ስጡ። ደጋግሜ እንዳልኩት አስለኩ፣ አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ወሰን ሲካድ ምስክር ፍለጋ ትገባላችሁ።