ፔሬዴ መቼ ይመለሳል? ጽንስ ካቋረጡ በኋላ ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከየካ አባዶ የጻፋችሁልኝ እህቶች ብዙ ናችሁ። ጥያቄያችሁ ግን ተቀራራቢ ነው፤ ጽንስ ከተቋረጠ በኋላ የወር አበባ መቼ ይመጣል የሚል። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በየቀኑ የምሰማው ነገር ስለሆነ ማንም እንዳታፍር። ስም አልጠራም፣ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ሲስተር፣ በክኒን ካቋረጥኩ ወር ከሳምንት ሆነኝ። ፔሬዴ አልመጣም። ማኅፀኔ ተጎድቶ ይሆን?

ወር ከሳምንት ገና አያስደነግጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እርግዝናው ሲቋረጥ የእርግዝና ሆርሞን በአንድ ቀን ከሰውነት አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። እሱ ሲወርድ ነው እንቁላል እንደገና መብሰል የሚጀምረው። እርግዝናው ገፋ ያለ ከነበረ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ደም መፍሰስ ከጀመረበት ቀን አንስተሽ ቁጠሪ። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለቆጠራ ይመቻል፤ ጳጉሜን ብቻ እንዳትዘያት! 8 ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጽንሱ ከተቋረጠ በኋላ ግንኙነት ፈጽመሽ ከነበረ ግን 8 ሳምንት አትጠብቂ፤ ቀድመሽ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

ደሙ 12 ቀን ሆነው፣ አልቆመም። ፔሬድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ማኅፀን ራሱን ሲያጸዳ የሚወርድ ደም ነው። በክኒን ላቋረጠች ሴት ሁለት ሳምንት ያህል መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ጠብ ጠብ የሚለው እስከ ወር የሚዘልቅባቸውም አሉ። በመሣሪያ ለተመጠጠላት ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ዋናው ነገር እየቀነሰ መሄዱ ነው። በየሰዓቱ 2 ትልልቅ ሞዴስ እየራሰ ለ2 ሰዓት ከቀጠለ፣ ሎሚ የሚያክል የረጋ ደም በተደጋጋሚ ከወጣ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ትኩሳት ካለሽ ቤት አትቀመጪ። ዳር አካባቢ ማታ ታክሲ እንደማይገኝ አውቃለሁ። እስኪነጋ ልጠብቅ ማለት ግን አይሆንም፤ በ907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አስመጡ፣ ወይም መኪና ያለው ጎረቤት ቀስቅሱ።

ፔሬዴ ሳይመለስ ላረግዝ እችላለሁ? ጓደኞቼ አይቻልም ብለውኛል።

ይቻላል! ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ይበልጥብኛል። እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፔሬድ የምትጠብቅ ሴት ያለፈውን እንቁላል አላየችውም። ጽንሱ ከተቋረጠ ከ8 እስከ 10 ቀን ውስጥ እንኳ እንቁላል ሊወጣ ይችላል። «ፔሬዴ ይምጣና መርፌ እወጋለሁ» ብለው ሄደው ሆድ ይዘው የተመለሱ ብዙ አይቻለሁ።

መከላከያ ጽንሱ በተቋረጠበት ቀን መጀመር ይቻላል። ክኒኑም፣ የሦስት ወሩ መርፌም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም። ሉፕ (ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው መከላከያ) ደግሞ ጽንሱ በመሣሪያ ከተቋረጠልሽ ኢንፌክሽን እስከሌለ ድረስ ወዲያው ይገባል፤ ጽንሱን በክኒን አቋርጠሽ ከሆነ ማኅፀኑ ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነፃ ነው። ባልሽን ወይም ጓደኛሽን ማስፈቀድም አይጠበቅብሽም።

መርፌ ተወጋሁ፣ ፔሬዴ ጭራሽ ቀረ። ደሙ ውስጤ እየተጠራቀመ ነው?

አይጠራቀምም። መርፌው የማኅፀንን ግድግዳ ስለሚያሳሳው የሚወርድ ነገር የለም።

ካቋረጥኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሽንት የእርግዝና ምርመራ አደረግሁ፣ «አለ» አለኝ።

የቀረው ሆርሞን ነው ሊሆን የሚችለው። እስከ 4 ሳምንት ድረስ «አለ» ሊል ይችላል። ማቅለሽለሹና የጡት ሕመሙ ካልለቀቀሽ፣ ወይም ክኒኑን ወስደሽ ደም ብዙም ካልፈሰሰሽ ግን አሁኑኑ ታዪ።

ደም እያየሁ ቤተ ክርስቲያን መግባት እችላለሁ?

ይሄን ለንስሐ አባትሽ ነው የምተወው።

ልጄ፣ የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ። መንደር ውስጥ ቅጠል አጠጥተዋት ወረዳት። አሁን ትኩሳት አላት፣ ፈሳሹም ይሸታል። ይከሱናል ብዬ ፈራሁ።

እናቴ፣ ዛሬውኑ ይውሰዷት። ይሄ ኢንፌክሽን ነው። ወደ ማኅፀን ቱቦ ከዘለቀ መካን ሊያደርጋት ይችላል፣ ወደ ደም ከገባ ደግሞ ሕይወቷን ያሳጣታል። ከውርጃ በኋላ ያለው ሕክምና ለማንኛዋም ሴት ይሰጣል፣ እንዴት እንደወረዳት ተጠይቆ የሚከለከል አይደለም። የወሰደችውን ግን ለባለሙያው አይደብቁ፣ ለሕክምናው ይጠቅማል።

ለሌሎች እናቶችም ልንገራችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ በጤና ተቋም የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። መደፈር፣ የቅርብ ዘመድ ማስረገዝ፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ፣ የጽንሱ የማይድን ከባድ ችግር አሉበት። ለአካለ መጠን ያልደረሰችና ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ልጅም ተካታለች። ቅጠል ቤት ከመሄድ በፊት ጤና ጣቢያ መጠየቅ ነበረ።

የመጀመሪያው ፔሬድ መጣ፣ ግን ከድሮው በዛ፣ ቁርጠቱም ጨመረ። አሁን ደረጃ መውጣት ያደክመኛል።

የመጀመሪያው ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። ሁለት ሦስት ዙር ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ድካሙ ግን የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሪ። አይረን ከታዘዘልሽ ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂው፣ ጥቅሙን ያሳጡታል። ቡናውን ተይ አላልኩም፤ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቂው። ሰገራሽ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው።

10 ሳምንት ሆነኝ። የእርግዝና ምርመራው «የለም» ይላል። መከላከያም አልጀመርኩም። በየወሩ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ደም ግን የለም።

አንቺን ነው ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ የምለው። በተለይ ማኅፀንሽ ተጠርጎ ከነበረ ወይም ኢንፌክሽን ይዞሽ ከነበረ ውስጡ በጠባሳ ተጣብቆ ደሙ መውጫ አጥቶ ይሆናል። ብዙ ሴት ላይ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ራሱን አያስተካክልም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልሽ የማህፀን ሐኪም በአልትራሳውንድ ይይሽ። ጠባሳው በካሜራ እየታየ በቀጭን መሣሪያ ይላቀቃል። ስትሄጂ የተሠራልሽ በምን ዘዴና በስንት ሳምንትሽ እንደነበር ጽፈሽ ያዢ።