አኒሜሽን መስራት ለምትፈልጉ ልጆች

ስክሪፕት እዩልኝ እያላችሁ የምትልኩልኝ በዝታችኋል፣ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ። ብዙዎቻችሁ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘንዶ ታመጣላችሁ፣ የታሪኩ ዋና ልጅ ግን ምን አይነት ቤት ውስጥ እንደምትኖር፣ ውሀ ከየት እንደምትቀዳ አይታወቅም፣ ስለዚህ ዘንዶው ቢመጣም ምንም አይመስለኝም።

እስቲ ጃፓናዊው የአኒሜሽን ዳይሬክተር ሀያኦ ሚያዛኪ በ1988 (በፈረንጆቹ ነው) ያወጣውን ጎረቤቴ ቶቶሮ የሚባል ፊልም ረጋ ብላችሁ እዩት። ጊዜው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የጃፓን ገጠር። ሳትሱኪና ታናሿ ሜይ ከአባታቸው ጋር አንድ አሮጌ ቤት ይገባሉ፣ እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። 86 ደቂቃ ሙሉ ክፉ ሰው የሚባል የለበትም። ቶቶሮ የሚባለው የጫካ ፍጥረት ገና ሳይመጣ ሳትሱኪ ከወንዝ በባልዲ ውሀ ታመጣለች፣ ውሀው የእጅ ፓምፑ ውስጥ ይፈሳል፣ ደረቅ ፓምፕ እንደዛ ካልተደረገ አይስብም እኮ፣ ከዛ እጀታውን ከላይ ታች ታደርገዋለች። ይሄን የሚስል ሰው ፓምፕ ያውቃል። ፓምፑን ካመንኩት በኋላ ዛፍ ስር የሚተኛ ትልቅ ጸጉራም ፍጥረት ቢያሳየኝም አምነዋለሁ።

ፌርማታ ላይ ያለውን ሲን ደግሞ ደጋግማችሁ እዩ። ዝናብ ነው፣ ሜይ እህቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ቶቶሮ ራሱ ላይ ቅጠል ብቻ አድርጎ አጠገባቸው ይቆማል፣ ሳትሱኪ ለአባቷ ያመጣችውን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ጠብታው ጃንጥላው ላይ ጠብ ሲል ይገርመዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ከዛ ዘሎ መሬቱን ሲመታው ዛፉ ላይ የተጠራቀመው ውሀ ሁሉ ዱብ ዱብ ይላል። በቃ ይሄው ነው። እኔ በሰራሁባቸው ቦታዎች ቢሆን "ረዘመ፣ ቁረጠው" እባል ነበር።

ሚያዛኪ ልጅ እያለ እናቱ በአከርካሪ ቲቢ ለረጅም አመታት ታማ ነበር፣ ስለዚህ የልጆቹ ፍርሀት ከሰው የተዋሰው አይደለም። ጎረቤታቸው ያሉት አሮጊት እናታችሁ የጓሮዬን አትክልት ከበላች ይሻላታል ስላሉ ያቺ ሚጢጢ ሜይ በቆሎ ታቅፋ ሆስፒታል ልሂድ ብላ ትጠፋለች! እንዲህ አይነቱን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አይፈለስፈውም፣ የአራት አመት ልጅ እንዴት እንደምታስብ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጽፈው።

ከአሁን በኋላ ስትልኩልኝ ልጅቷ ምን እንደምትፈራ አንድ መስመር አስቀድሙልኝ፣ ቤቷንም በእርሳስ ሳሉት፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ጭምር፣ ስክሪፕቱን ከዛ በኋላ ነው የማነበው።