የመጀመሪያው የካውቦይ ፊልም ኮከብ ማን ነው? (መልስ)

«ካውቦይ ፊልም የተጀመረው በጆን ዌይን ነው እንዴ?» ላልከው፣ አይደለም ወንድሜ። ዌይን ሳይወለድም ነበረ። የመጀመሪያው ኮከብ ብሮንኮ ቢሊ አንደርሰን ነው። እውነተኛ ስሙ ማክስ አሮንሰን ሲሆን በ1880 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አርካንሶ ውስጥ ተወለደ። በ1903 በወጣው «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ላይ ከአንድ በላይ ሰው ሆኖ ተጫውቷል። የሚያስቀው፣ ያኔ ፈረስ መጋለብ በቅጡ አይችልም ነበር!

በ1907 ከጆርጅ ስፑር ጋር ሆኖ ቺካጎ ላይ ኤሳኔይ የተባለውን የፊልም ኩባንያ መሠረተ። በኋላ ካሜራውን ይዞ ወደ ምዕራብ ወረደ። ከ1912 ጀምሮ ናይልስ በምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ አጫጭር ድምፅ አልባ ፊልሞችን በላይ በላዩ ያወጣ ነበር። ራሱ ያዘጋጃል፣ ራሱ ይተውናል። እኔ የምወድለት ግን ገጸ ባሕርዩን ነው። ቢሊ ብዙ ጊዜ ሽፍታ ነው፤ ግን የታመመ ሕፃን ወይም የተቸገረ ሰው ሲያይ አንጀቱ አይችልም። ያ ዓይነት ደግ ሽፍታ ከሱ በኋላ ስንት ፊልም ላይ ተደገመ!

በ1910ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ሃርትና ቶም ሚክስ የተባሉ የካውቦይ ፊልም ተዋንያን ቦታውን ወሰዱት። እሱ ተረስቶ ከርሞ በ1958 የክብር ኦስካር ተሰጠው። በ1971 በ90 ዓመቱ አረፈ።