ልብስ ጠባቂው ልጅ ወደ ሜዳ ሲገባ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። በድሬዳዋ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት፣ ኋላም በአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል በማስተማር) ድጋፍ ሰጪነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። አካል ጉዳት ወይም የጤና ችግር ያለባቸው ልጆች በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚሳተፉ ከወላጆች፣ ከሥራ ባልደረቦችና ከተማሪ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ እመልሳለሁ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከሳቢያን)፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የሚሄደው በክራንች ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ መምህሩ የጓደኞቹን ልብስና ቦርሳ እንዲጠብቅ ዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል። እኔም እንዳይወድቅብኝ ስለምፈራ የሐኪም ወረቀት አምጥቼ ጨርሶ ላስቀረው አስቤአለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ የእናት ፍርሃት ነውና አልነቅፈውም፤ ወረቀቱን ግን ባያመጡ እመርጣለሁ። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ ተማሪዬን እንዲሁ ልብስ ጠባቂ አድርጌው ነበር፤ ውለታ የዋልኩለትም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው አልቆ ልጆቹ ውኃ ሊጠጡ ሲሮጡ ዘወር ብዬ ባይ፣ የጓደኞቹን ሹራብ በሁለት ክምር ለይቶ ጎል ሠርቷል፤ በአንዱ ክራንች ተደግፎ በሌላው ጫፍ የጨርቅ ኳስ ብቻውን ይመታል። ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚጠብቅ ልጅ መድቤ አላውቅም።

የልጅ አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲያርፍበትና ጡንቻ ሲስበው ነው። እግሩ የደከመ ልጅ ደግሞ ክንዱ፣ ትከሻውና ወገቡ ከሌሎቹ ልጆች ይበልጥ መጠንከር አለባቸው፤ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። ተቀምጦ በዋለ ቁጥር መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ክብደቱም ስለሚጨምር ክራንቹ ራሱ ይከብደዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ «ይከልከል» የሚል ወረቀት አይጠይቁ፤ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚጎዳው፣ የትኛው እንደሚጠቅመው ለይቶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁና ወረቀቱን ለመምህሩ ይስጡ። መውደቁን በተመለከተ፣ በክራንች ወድቆ መነሣትም የሚሠለጠንበት ነገር ነው፤ አሸዋ ወይም ፍራሽ ላይ ይጀመራል።

ጥያቄ (መምህር፣ ከመጋላ)፦ በክፍሌ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፤ ያለኝ ኳስ አንድ ነው። ዘንድሮ ማየት የተሳናት ተማሪ ተመደበችልኝ። አካቶ የሚባለው በወረቀት ላይ ያምራል፤ ሜዳ ላይ ግን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምሬትዎ እውነት አለው፤ የተማሪው ብዛት ቀልድ አይደለም። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄውን እንገልብጠው። «ይህች ልጅ ይህን ጨዋታ ትችላለች ወይ?» ማለቱን ትተን «ይህ ጨዋታ ምኑ ቢለወጥ ትገባበታለች?» ብለን እንጠይቅ። የሚለወጡት ነገሮች አራት ናቸው፦ ቦታው፣ የጨዋታው ሕግ፣ መሣሪያውና የሰዎቹ አሰላለፍ። ብዙ ጊዜ አንዱን መነካካት ይበቃል።

ከመሣሪያው እንጀምር። የጨርቅ ኳስ በፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጠቀለል ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል፤ ልጅቷ የት እንደደረሰ በጆሮዋ ታውቃለች። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጠጠር ተጨምሮ ክዳኑ ቢጠብቅ ደግሞ የሚንኳኳ ዒላማ ይሆናል። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ስልሳውን ተማሪ በአምስት ቡድን ከፍለው ለየቡድኑ አንዳንድ ካሠሩ የአንድ ኳስ ችግርዎም በዚያው ይቃለላል። ቦታውን በተመለከተ፣ ወፈር ያለ ሲባጎ መሬት ላይ ዘርግተው አፈር ቢያለብሱበት በእግሯ ዳብሳ መስመሩን ታገኘዋለች። ለሩጫ አንዲት ጓደኛዋ የአጭር ገመድ ጫፍ ትያዝላት፤ ሌላውን ጫፍ እርሷ ትይዛለች። ክንዷን ጨብጠው የሚጎትቷት ከሆነ ግን ሩጫ መሆኑ ቀርቶ መነዳት ይሆናል።

ስለ ሕጉ ሳስብ የራሳችንን ጨዋታዎች ለምን እንደምንረሳቸው ይገርመኛል። ኩኩሉን ይመልከቱ፦ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ይላሉ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነግቷል!» ይባላል። ግማሹ ጨዋታ በድምፅ የተሠራ ነው። አንድ ሕግ ብቻ ይጨምሩ፦ ፈላጊው በጠራ ቁጥር ተደባቂው ካለበት ሆኖ እንዲመልስ ግዴታ ያድርጉ፤ ፈላጊ የሚሆነው ሁሉ ዓይኑ በሻሽ ይታሰር። በዚህ ሕግ ልጅቷ ከማንም አታንስም፤ እንዲያውም አቅጣጫን በድምፅ መለየት የለመደች ስለሆነች ብዙዎቹን ትበልጣቸዋለች። ጎልቦል የሚባለው ስፖርት የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 (እ.ኤ.አ.)፣ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች የተፈጠረ ሲሆን በ18 በ9 ሜትር ሜዳ ሦስት ሦስት ሆነው ደወል ያለበትን ኳስ ይወራወሩበታል፤ ትንሽ የሚያይም ፈጽሞ የማያይም እኩል እንዲሆኑ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፍናሉ።

በከተማችን ስለሚያጋጥም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀሉ ነው የሚጫወቱት፤ አዲስ ሕግ ሲያስተምሩ ንግግሩን ያሳጥሩና አንዴ አስጫውተው ያሳዩ። ለማየት የተሳናት ልጅ ግን ማሳየቱ ስለማይሠራ እጇን ይዘው፣ አስፈቅደው፣ እንቅስቃሴውን በዝግታ ያስለምዷት።

ጥያቄ (አባት፣ ከከዚራ)፦ እኔ ልጄን የምልከው እንዲማር ነው። የስፖርቱ ሰዓት ለሒሳብ ቢሰጥ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፋጥን እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ አጥንትና ጡንቻን የሚያጠነክር ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሲሰላ በሳምንት 420 ደቂቃ ይሆናል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢኖር እንኳ 80 ደቂቃ ነው፤ ስም ጥሪውና ሰልፉ ሲቀነስ ስንት እንደሚተርፍ እርስዎ ይገምቱት። ከዚያ ላይ ለሒሳብ ይቆረስ ማለት ከባዶ መሶብ እንጀራ መፈለግ ነው። ተንቀሳቅሶ የተመለሰ ልጅ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ረጋ ብሎ እንደሚያዳምጥም የሒሳብ መምህሩን ይጠይቋቸው።

ጥያቄ (ርእሰ መምህርት)፦ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ልጆቹን ሜዳ ላይ ማውጣት አያስጠይቀንም?

መልስ፦ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ ካወጧቸው ያስጠይቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ በደጋ ከተሞች የተለመደውን መርሐ ግብር እንዳለ መቅዳት አይሠራም። የስፖርት ክፍለ ጊዜዎችን ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ይደልድሏቸው፤ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ላሉት ደግሞ ወደ መጨረሻው ይገፉ። ጥላ፣ ውኃና በየአሥር ደቂቃው ዕረፍት ግድ ነው። በተለይ የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ልጅ ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ በደንብ ላያልበው ስለሚችል ሙቀቱ ቶሎ ይጎዳዋል፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ያቀዝቅዙለት፣ ጥላ ሥር የሚደረግ ጨዋታም ያዘጋጁለት።

ጥያቄ (መምህር)፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ አለኝ። ሜዳ ላይ ቢጥለውስ?

መልስ፦ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ልጅ አብዛኛውን ስፖርት ሊሠራ ይችላል፤ የሚያስፈራው ከፍታ ላይ መውጣትና ያለ ተቆጣጣሪ መዋኘት ነው። ከጣለው በአካባቢው የሚጎዳው ነገር ካለ ያንሡለት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብ ያድርጉለት፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓትም ይያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ አጥብቆ መያዝ ይቅር።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳነው ልጅ ፊሽካዬን አይሰማም።

መልስ፦ ፊሽካውን ሲነፉ ቀይ ጨርቅም ያውለብልቡ። ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው አይቁሙ፤ ፊትዎና እጅዎ አይታየውም።

ጥያቄ፦ ዳውን ሲንድሮም (ከልደት ጀምሮ የአእምሮና የአካል እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ላለባት ልጅ የተከለከለ እንቅስቃሴ አለ?

መልስ፦ ከእነዚህ ልጆች በአንዳንዶቹ የአንገት የላይኞቹ አጥንቶች መገጣጠሚያ ልል ስለሚሆን፣ ሐኪም ሳያያት ወደፊት መገለባበጥና በጭንቅላት መቆም አታሠሯት። ዳንስ፣ ሩጫ፣ ኳስ መወርወር ግን እሰዬው ነው።

ጥያቄ (መምህርት)፦ ውጤት እንዴት እንስጣቸው? በነፃ ሙሉ ማርክ መስጠትስ?

መልስ፦ በነፃ የተሰጠ ማርክ ስድብ ነው፤ ልጁም ያውቀዋል። መስከረም ላይ በክራንች 20 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይመዝግቡ፣ ጥር ላይ እንደገና ይለኩት፤ ማርኩ ከራሱ የትናንት ልክ ጋር ይነጻጸር።

ጥያቄ (አባት)፦ ትምህርት ቤቱ «እርሱ ከስፖርት ነፃ ነው» ብሎ ወስኗል። መብት አለን?

መልስ፦ አላችሁ። ኢትዮጵያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በትምህርት ቤት የሚካሄደውን ጨምሮ በጨዋታና በስፖርት ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲሳተፉ ያዛል። ግን በአንቀጽ ጥቅስ አይጀምሩ፤ መጀመሪያ መምህሩን «አብረን አንድ ጨዋታ እንሞክር» ይበሏቸው። ብዙዎቻችን ነፃ የምናደርገው ከክፋት ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ ማንም ስላላሳየን ነው። የማየት ችግር ያለባት ሯጭ ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮም በፓሪስም ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለአገራችን ወርቅ ማምጣቷንም ጨዋታውን ሲያበቁ ቢያነሡላቸው አይከፋም።

ጥያቄ (የስድስተኛ ክፍል ተማሪ)፦ ጓደኛችን በዊልቸር ነው የሚሄደው። ኳስ ስንጫወት በረኛ እናድርገው?

መልስ፦ ጎበዝ፣ መጀመሪያ እርሱን ጠይቁት፤ ምናልባት ጎል ማግባት ይፈልግ ይሆናል። በእጁ ቢወረውር እንዲቆጠርለት ተስማሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ሜዳው ላይ ያለውን ጠጠር ልቀሙ፤ የዊልቸሩ የፊት ትንንሽ ጎማዎች በጠጠር ይያዛሉ። እርሱን ሳያስፈቅድ ከኋላ የገፋው ተጫዋች ደግሞ ቅጣት ምት ይነፋበት።