መልስ፦ የዳ ቪንቺ ላይና ታች መንገድ ያለው ከተማ ተሠርቶ ያውቃል?

አልተሠራም፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ያሰበው፣ አንዱ መንገድ ከላይ ሌላው ከታች የሚሄድበት ከተማ ወረቀት ላይ ነው የቀረው። "ለድሃው አስቦ ነው ወይ?" ላልከው ደግሞ፣ እኔ በከፊል ነው የምለው።

ነገሩ የመጣው ከወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1484 እና 85 የጣሊያኗ ከተማ ሚላን ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ሊዮናርዶ ችግሩ መጨናነቁና ቆሻሻው ነው ብሎ፣ ሕዝቡን 5,000 ቤት ባላቸው 10 ከተሞች እንበትነው የሚል ሐሳብ ለገዢው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ጻፈ፤ ሰዉ እንደ ፍየል ተደራርቦ ነው የሚኖረው ይላል። የመንገዱ ስፋት ከቤቱ ቁመት ጋር እኩል ይሁን፣ ከታች ቦይ ይሂድ። ደረጃው እንኳ ጠመዝማዛ እንዲሆን የፈለገው ሰው ጥግ ይዞ እንዳይሸና ነው (ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ)።

ግን የላይኛው መንገድ ለጌቶች ብቻ ነው። ጋሪው፣ ጭነቱና ተራው ሕዝብ በታች። ስለዚህ የጤና ፕላን በለው እንጂ እኩልነት ብለህ እንዳትጽፍ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ኢንተርኔት ላይ "የሊዮናርዶ ከተማ" እየተባለ የሚዞር፣ ሰው የሌለበት አደባባይ መሃል ክብ ሕንፃ የቆመበት ሥዕል አለ። የሱ አይደለም። ሥዕሉ ያለው ጣሊያን ውስጥ ኡርቢኖ ከተማ ነው፣ ሠዓሊው ማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። እኔ ፕሬዘንቴሽኔ ላይ ለጥፌው ክፍሉ ሁሉ ፊት ታርሜያለሁ።